ሻለቃ አልበላም

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዝናብ። ቢሮ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሁለት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጨረስኩ። የምን ዕቃ ነበር? አሁን ብጠየቅ አላውቅም። የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ቆምኩ፣ ተራዬ ደረሰ፣ ገባሁ።

ገርጂ። አራተኛ ፎቅ። ጫማ አወለቅኩ። ለሻለቃ ምግቡን ሰጠሁት።

ሻለቃ የባለቤቴ የሄኒ ዓሣ ነው። ቀይ፣ ጅራቱ ከራሱ የሚበልጥ። ሻጮቹ ፋይተር ነው የሚሉት፣ ሌላ ወንድ አጠገቡ ከመጣ ስለሚጣላ ብቻውን ይኖራል። ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ ሄኒ ሻለቃ አለችው። ግንቦት ላይ ሐኪሙ «እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትነሺ» ሲላት ነው የገዛችው። ሳሎን ተኝታ የምታየው ነገር እንዲኖራት።

አሁን ሄኒ እዚህ የለችም። እናቷ ጋ ናት፣ ቦሌ አራብሳ። ሰኔ ላይ ልጃችን ሞታ ተወለደች፣ ሄኒ ከሆስፒታል ስትወጣ በዚያው ሄደች። ይኸው… ጻፍኩት። ስጽፈው ምንም አልተሰማኝም።

ደወልኩ።

«ሻለቃ በላ?»

«በላ።»

«እሺ።»

«አንቺስ?»

«እ።»

ዘጋን።


ሐምሌ 6፣ እሁድ

ቸርች አልሄድኩም። ባለፈው የሄድኩ ዕለት ሁሉም እጄን እየያዙ «ሄኒ እንዴት ናት?» አሉኝ። ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት… አፌ ብቻውን ይናገራል።

አራብሳ ሄድኩ። እማማ ዮዲት፣ የሄኒ እናት፣ ገንፎ ሠርተው ሄኒ ፊት አስቀመጡ። መሀሉ ላይ ቅቤ። ሄኒ ሳህኑን አየችው።

«እማ፣ ገንፎ ለምንድን ነው?»

«አራስ ነሻ።»

«ምን ታቅፌ ነው አራስ የሆንኩት?»

«ሰውነትሽ ያንን አያውቅም። ሰውነትሽ ወልዷል። ብዪ።»

በላች። እኔንም «ብላ» አሉኝ፣ በላሁ። ትኩስ ነበር? ቀዝቅዞ ነበር? አላስታውስም።

ሄኒ ጋቢ ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነች ይላሉ እማማ። ከቤት አትወጣም፣ በረንዳ እንኳን። ስለ ሻለቃ ግን ጠየቀችኝ። ውሃው ቆሽሿል? ትንሽ አልኳት። እለውጥለታለሁ። እሺ አለች። ሌላ አላወራንም። ሌላ ምን አለ?


ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። ከመጣ ደግሞ ሁሉንም ማጠብ ነው። ሸሚዝ አጠብኩ። የተከመረውን ሳህን አጠብኩ። ጀሪካኖቹን ሞላሁ። የሻለቃንም ቤት ገለበጥኩት፣ እሱን በሳህን አድርጌ መስታወቱንና ጠጠሩን በስፖንጅ ፈተግኩ፣ ከቧንቧው ቀጥታ ሞላሁት። ጥርት አለ።

ቆሜ አየሁት። ጥሩ ሥራ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።


ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሻለቃ አልበላም። የምግቡን ፍሬ አፉ ውስጥ ከተታት፣ መልሶ ተፋት። ታች ወረደ።

«በላ?» አለች ሄኒ።

«ሰጥቼዋለሁ» አልኳት።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። በደንብ አየሁት።

ጠጠሩ ላይ ተኝቷል። ያ ሁሉ ጅራት እንደታጠፈ ጃንጥላ ተጣብቋል። ቀዩ ወይቧል፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ቲሸርት ይመስላል። ጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጅራት ፈዛዛ መስመር። መተንፈሻው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አልፎ አልፎ ይነሳና መስታወቱን ታክኮ ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል፣ እንደገና ይወድቃል።

ይሄ መቼ ጀመረ? እዚሁ ነበርኩ። በየቀኑ ምግብ ሰጥቼዋለሁ። እጄ ሲሰጥ ዓይኔ የት ነበር?

ስልኬ ላይ ፈለግኩ። የማየው ሁሉ ተጽፏል፣ የተጣበቀው ክንፍ፣ መስመሩ፣ ምግብ መትፋቱ። በሽታ ላይሆን ይችላል ይላል። ስትረስ ነው። ዓሣ ይጨነቃል? ይጨነቃል። ውሃ ሲቀዘቅዝበት። በአንዴ ሲለወጥበት። የቧንቧ ክሎሪን ሲገባበት። መደበቂያ ሲያጣ። መስታወት ሳይቀር… ምስሉ ሌላ ወንድ መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲፎክርበት ይውላል፣ እስኪደክም።

መስታወት። ሰኔ ላይ፣ ሄኒ ገና ሆስፒታል ሳለች፣ የቸርች ሰዎች ሊጸልዩ ሲመጡ ሳሎኑን ላስለቅቅ ብዬ መኝታ ቤት ወሰድኩት። የሄኒ መልበሻ መስታወት ፊት ነው ያስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

መስታወቱ ላይ አንሶላ ጣልኩበት።

ለሄኒ ምን እላታለሁ? የምንነጋገረው በሱ ነው። እሱ ከሞተ…


ሐምሌ 14፣ ሰኞ

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለኝ ኃይለኪሮስ። የትራንዚት ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው፣ ከገባሁ ጀምሮ።

«ዓሣው ታሞብኛል።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። ተወው።

«የሄኒ?»

«የሄኒ።»

«መገናኛ አካባቢ ዓሣ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ሐሩን የሚባል። ለልጆቼ ከሱ ነው የገዛሁት።» ትንሽ ቆየና «ዓሣዎቹ ግን ሞቱ» አለ።

ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ጠባብ ሱቅ፣ ግድግዳው ሁሉ ውሃ። ሐሩን ወሬ ይወዳል።

«ውሃህ ስንት ዲግሪ ነው?»

«አላውቅም።»

«ሂተር አለህ?»

«የለኝም።»

«በሐምሌ! ወንድሜ፣ ይሄ የሙቀት አገር ዓሣ ነው። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ይፈልጋል። የአዲስ አበባን ሐምሌ እኛስ መቼ ቻልነው?»

ሂተር ሸጠልኝ። ሰማያዊ መድኃኒትም ጨመረበት፣ «ምናልባት» እያለ። ልወጣ ስል ጠራኝ።

«እውነቱን ልንገርህ? እንደነገርከኝ ከሆነ አይተርፍም። ለምን ትደክማለህ፣ ሌላ ውሰድ። አሁን የገቡ አሉኝ፣ ከዚያኛው የበለጠ የሚያምሩ።»

ሌላ። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሌላ ነው የሚለኝ። ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ። ጌታ ሌላ ይሰጣችኋል።

«ሌላ አልፈልግም!»

ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። ሐሩን ሁለት እጁን አነሳ። «እሺ፣ እሺ… ምን አልኩ?»


ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

የሙቀት መለኪያ ሳልገዛ መጣሁ። ሂተሩ ይሞቃል እንጂ ስንት እንደደረሰ አይናገርም።

መለኪያ ቤት ውስጥ አለ። የት እንዳለም አውቃለሁ።

ትንሿ ክፍል ከሰኔ ጀምሮ እንደተዘጋች ነች። ከፈትኳት። መጋረጃው አልተሰቀለም፣ ብርሃኑ በቀጥታ ይገባል። የሕፃን አልጋው ገና በላስቲኩ ነው። ካርቶኑን ከፈትኩ። ፎጣዎቹን አነሳሁ። ከሥር ነበር። ለገላዋ ውሃ የገዛነው። ቢጫ ዳክዬ፣ ሆዱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ። ሄኒ ናት የመረጠችው፣ «ይሄ ካልሆነ አልሄድም» ብላ ሱቁ ውስጥ ቆማ።

ወስጄ የሻለቃ ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። ተንሳፈፈ። ሻለቃ ደንግጦ ጥግ ገባ።

አሥራ ዘጠኝ።

ቆምኩ። ሰው የሚያለቅሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ብዬ አሰብኩ። ጠበቅኩ። አልመጣም።

ሂተሩን ሰካሁ።


ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሻለቃን ሳሎን መለስኩት። ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ፣ ከቴሌቪዥኑም። አንድ ሰፊ ኩባያ በጎኑ አጋደምኩለት፣ ገብቶ እንዲደበቅ። ገባ። ጅራቱ ብቻ ይታያል።

ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ሴራሚክ ያስቆርጣሉ። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ውሃው ላይ ቀጭን ሞገድ ይታያል። እኔ ለካ አልሰማውም ነበር። ወጥቼ አንኳኳሁ። «ሥራ ነው እኮ፣ ምን እናድርግ?» አሉኝ። «የታመመ አለብኝ» አልኩ። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፣ እስከ ሰኞ እናቆማለን አለ። ማን እንደታመመ አልጠየቀኝም።

ሃያ አራት ደርሷል። አሁንም አይበላም።


ሐምሌ 20፣ እሁድ

አራብሳ አልሄድኩም። ሻለቃን ትቼ መሄድ ፈራሁ። ያልሄድኩበትን ምክንያት ደግሞ መናገር ነበረብኝ።

«ሻለቃ በላ?»

«አልበላም።»



«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰንብቷል። ባለፈው ሳምንት… ከዚያም በፊት። አልነገርኩሽም።»

የተዘጋ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተዘጋም።

«ክንፉ ተጣብቋል?»

«ተጣብቋል።»

«ጎኑ ላይ መስመር አለው?»

«ነበረው። ዛሬ ትንሽ ቀለል ብሏል።»

«ነጭ ነጥብስ? ጥጥ የመሰለ ነገር?»

«የለውም።»

«መብራት አብርተህ እይ።»

የስልኬን መብራት አበራሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። «የለውም። ሆዱም አላበጠም።»

«እንግዲያው በሽታ አይደለም፣ ደንግጦ ነው። መድኃኒት ጨመርክበት?»

«ገዝቻለሁ። አልጨመርኩም።»

«እንዳትጨምር። ውሃውን ስትለውጥ ምን ያህሉን አወጣህ?»

«ሁሉንም።»

«ነህምያ…»

«አላወቅኩም።»

«ሩቡን ብቻ ነው። ውሃውን ቀድመህ በባልዲ አሳድረው፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት። ስትጨምር ሙቀቱ ካለበት ጋር እኩል ይሁን። በኩባያ፣ ቀስ እያልክ። መብራቱን አጥፋለት። ምግብ አትስጠው ለሁለት ቀን፣ ተፍቶ ውሃውን ያበላሸዋል። ከዚያ ተወው። በየደቂቃው እየሄድክ አትየው፣ አንተም ታስጨንቀዋለህ።»

ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ስታወራ ዛሬ ነው። ጆሮዬን ስልኩ ላይ አጣብቄ ቆሜ ነበር። ዓሣውን ሳይሆን እሷን ነበር የምሰማው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«ከዚህ በላይ ምን ልጨነቅ?»




ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

እንዳለችኝ አደረግኩ። ውሃ በባልዲ ይቀመጣል፣ ይሞቃል፣ በኩባያ ይገባል። ሌላውን ጊዜ ፎጣ ጣል አድርጌበት እቀመጣለሁ። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ።

ዛሬ ከኩባያው ወጣ። ላይ ድረስ መጥቶ አየር ሳበ፣ ትንሽ ዞረ። ቀዩ ከጅራቱ በኩል እየተመለሰ ነው።

ለሄኒ ፎቶ ላክሁላት። «ከስቷል» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «አንተም።» የኔ ፊት መስታወቱ ላይ ወጥቶ ኖሯል።


ሐምሌ 27፣ እሁድ

መብራት የለም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ አሉ።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አሁንም የለም። የብሎኩ ሊቀመንበር «ነገ ይሠራል» አለ። ትናንትም ነገ ብሎ ነበር።

ቢሮ አልሄድኩም። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ሲሊንደሩ ላይ ውሃ አፈላለሁ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ እሞላለሁ፣ ጠርሙሱን የሻለቃ ውሃ ላይ አንሳፍፋለሁ። መስታወቱን በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ። ሃያ ሁለት ይሆናል። ሌላ አፈላለሁ፣ እስኪፈላ ሃያ ይሆናል። ከፍ ዝቅ ማለቱ ራሱ አይበጀውም፣ አውቃለሁ። ምን ላድርግ?

ዛሬ ጠዋት በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። የሞተ መሰለኝ። መስታወቱን ስነካ ጅራቱ ተነቃነቀ። የተሰማኝ… ምን ነበር? ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስም ልሰጠው አልቻልኩም።

ደወልኩላት።

«አምጣው» አለች። «እዚህ መብራት አለ።»

«በታክሲ?»

«ታዲያ በምን ልታመጣው ነው?»


ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

በኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ አደረግኩት። ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አየር፣ ክዳኑ የተበሳ። በሄኒ ሻርፕ ጠቀለልኩት። ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ሰውነቴ እንዲያሞቀው። ሂተሩን በቦርሳ፣ ዳክዬውን በኪስ።

ጎሮ ላይ የአራብሳን ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ አንዲት እናት፣ ከሾላ ገበያ የመጡ፣ ዘንቢላቸው ሽንኩርት በሽንኩርት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍከው?»

«ዓሣ ነው እናቴ።»

«ለምሳ?»

«አይደለም፣ ቤት የምናሳድገው ነው። የባለቤቴ ነው። ታሟል።»

«ታሟል?» አሉ። «እስቲ አሳየኝ።»

ጃኬቴን ገለጥ አደረግኩ። ሻለቃ ብልቃጡ ሥር ተኝቷል። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ውይ፣ እውነትም ታሟል! ሹፌር፣ ቀስ በል፣ በሽተኛ ይዘናል!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ አንገቱን አዙሮ «የት ሆስፒታል ነው የሚወርደው?» አለ።

«አራብሳ» አልኩት። «ሐኪሙ እዚያ ነች።»

እኔ ነኝ ያልኩት? እኔ ነኝ። እንደገና ሳቁ። ሹፌሩ ግን ከምሩ ቀስ አለ፣ ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር ፍሬኑን ይዞ እንደ እንቁላል ጭነት አሳለፈን። እማማዋ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አንስተው ቦታ ለቀቁልኝ። ስወርድ «ይማርልህ» አሉኝ።

ሄኒ ብሎኩ ሥር ቆማ ነበር። ከቤት ወጥታ። ጃንጥላ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ፣ እግሯ ጭቃ ነክቶ። እኔን ሳታይ እጇን ዘረጋች፣ ብልቃጡን ሰጠኋት። ደረጃውን ቀድማኝ ወጣች፣ ከፎቅ ፎቅ ትቆምና ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች።

ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አደረገች። ብልቃጡን ከነክዳኑ ሳፋው ላይ አንሳፈፈችው፣ በአንዴ እንዳይሞቅበት። ሙቀቱን እንለካ ብዬ ዳክዬውን ከኪሴ አወጣሁ። ካወጣሁ በኋላ ነው ያሰብኩት።

አየችው። እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወሰደችው፣ ቀስ ብላ ውሃው ላይ አስቀመጠችው።

«ሃያ ሦስት» አለች።

እማማ ዮዲት ከበሩ ሆነው ያያሉ። «ይሄ ሁሉ ለዓሣ ነው?»

«ለሱ ነው። እማ፣ ጸልዪለት።»

ቀልዷን ይሁን ከምሯ አላወቅኩም። እማማም ያወቁ አልመሰለኝም። ቀረብ አሉ፣ እጃቸውን ከሳፋው በላይ ዘረጉ። «ጌታ ሆይ፣ የፈጠርከው አንተ ነህ፣ ትንሽ ናት ብለህ የምትንቃት ነፍስ የለችም…» መሀል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ስለ ሻለቃ አልነበረም። ሄኒ ዓይኗን አልጨፈነችም። እኔም።


ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ሄኒ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች። ውሃውን ጨምቃ የሻለቃን ፍሬዎች ነከረችበት። ሽታው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል አለች። አንዷን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አድርጋ አወረደችለት።

ዞራት። ዞራት። ዋጣት። አልተፋትም።

«ነህምያ! በላ! በላ እኮ!»

እማማ ከጓዳ ሮጠው መጡ፣ አንድ ነገር የሆነች መስሏቸው። ሄኒ መጎርጎሪያውን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ ቀልቷል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ረስቼው ኖሯል።

እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የማድረው፣ ከአራብሳ ነው ቢሮ የምመላለሰው። ገርጂ መብራት የለም ብዬ። መብራቱ ትናንት መጥቷል፣ ሊቀመንበሩ ደውሎልኛል። አልተናገርኩም።


ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ቀዩ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ጅራቱን ዘርግቶ ይሄዳል። እማማ ሲያልፉ «ሻለቃ፣ እንዴት አደርክ?» ማለት ጀምረዋል። ጌታ ያዳነው ስለሆነ ያከብሩታል።

ሄኒ ትበላለች። በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። እኔን ግን… አንዳንዴ ቀና ብላ ልትናገር ትልና ትተወዋለች። እኔም ልጠይቃት እልና እተወዋለሁ።


ነሐሴ 11፣ እሁድ

«ገርጂ መብራት መጥቷል አይደል?» አለችኝ።

«መጥቷል።»

«ከመቼ?»

«…ሰንብቷል።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የተቆጣች መሰለኝ።

«ቅዳሜ እንሂድ» አለች።

እንሂድ ነው ያለችው። ሻለቃን ውሰደው አላለችም።


ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ገባን። ዕቃውን ኃይለኪሮስ በመኪናው አደረሰልን፣ ሻለቃን ሄኒ ጭኗ ላይ ይዛ መጣች። ቤቱን ዞረች። መልበሻ መስታወቱ ላይ የጣልኩትን አንሶላ አየች፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለች፣ ነገርኳት። አንሶላውን አጠፈችው። የትንሿን ክፍል በር አልፋ ሄደች።


ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሄኒ ትንሿን ክፍል ከፈተች። ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት። ሄድኩ። ወለሉ ላይ፣ ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄ ሳሙና ነበረበት።

«አንተ አይተሃታል» አለችኝ።

«አይቻታለሁ።»

ሄኒ አላየቻትም። ማደንዘዣ ላይ ነበረች። ስትነቃ እኛ ወንዶቹ ወስደን፣ ቀብረን ተመልሰን ነበር። እንዲህ ይሻላል አሉን፣ እናትየዋ ባታይ ይሻላል። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ እኔም እሺ አልኩ። ያኔ ምን ቢሉኝ እሺ እል ነበር።

«ፀጉር ነበራት?»

«ነበራት። ብዙ። ጥቁር፣ እርጥብ… እዚህ ጋ ወደ ፊት የተኛ።» ግንባሬ ላይ አሳየኋት።

«ማንን ትመስላለች?»

«አንቺን። አፏ ያንቺ ነው፣ የላይኛው ከንፈሯ። ጆሮዋም። ጣቶቿ ግን… ጣቶቿ የኔ…»

እዚህ ላይ ነው የሆነው። ቃሉን መጨረስ አቃተኝ። ከደረቴ ድምፅ ወጣ፣ የማላውቀው ድምፅ፣ የሌላ ሰው መሰለኝ። አላቆመም። ሄኒ ራሴን ሳበችና ደረቷ ላይ ያዘችኝ። እሷም ታለቅስ ነበር፣ ጠጉሬ ሲርስ ይታወቀኛል።



«ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔም።»

ናኦሚ ልንላት ነበር። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት ሄኒ ጮክ ብላ ጠራችው፣ እኔም ደገምኩት።

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ተነሳሁ። ሸሚዝ ለበስኩ፣ ጫማ አሰርኩ። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ለኃይለኪሮስ ደወልኩ።

«ዛሬ አልመጣም።»

«ምነው፣ ዓሣው?»

«ዓሣው ደህና ነው። ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«የማን ለቅሶ?»

ያኔ ሞታ ለተወለደች ለቅሶ አይቀመጡም አሉን። ሰው መጥቶ ለሄኒ ጸልዮ ሄደ። ፍራሽ አልተዘረጋም። እኔ በሳምንቱ ቢሮ ገባሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለውን ወረቀት መሥራት ጀመርኩ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ለማንም ምንም አላልኩም።

«የልጄ» አልኩት። «ልጄ ሞታብኛለች፣ ኃይለኪሮስ።»

ከጀርባው የቢሮው ማተሚያ ሲያትም ይሰማኛል።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ» አለኝ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። «እግዜር ያጥናህ። ያኔ ልነግርህ… እንዴት እንደምልህ ጠፍቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቤት ናችሁ?»

«አለን።»

«መጣሁ። ልጆቹንም ይዣቸው እመጣለሁ፣ የቢሮዎቹን።»

ለሄኒ ነገርኳት። ተነስታ ሳሎኑን ጠረገች። ሻለቃን ፎጣ ሸፈነችለት፣ ሰው ሲበዛ እንዳይደነግጥ። ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋነው። ከመኝታ ቤት ፍራሹን አንድ ጫፉን እሷ፣ አንድ ጫፉን እኔ ይዘን አወጣን፣ ወለሉ ላይ ዘረጋነው።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። የደረጃውን በር ከፍተን ተውነው።